መልስ፦ በቅሎዬ ገብስ ስታይ መሬት የምትጭረው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ በቅሎህ የገብሱን ስልቻ ስታይ በፊት እግሯ መሬት እንደምትጭርና በሩን እንደምትረግጥ፣ ስትመታት ደግሞ እንደሚብስባት ጽፈሃል። ጥጋብ አይደለም። የፈለገችው ነገር ፊቷ ሆኖ ሲዘገይባት የምታሳየው ብስጭት ነው። እየጫረች ሳለ ገብሱ ስለሚደርሳት መጫሯ ያመጣው ይመስላታል፣ ልማድም ይሆናል።

ስለዚህ ስትጭር ስልቻውን እንደያዝክ ባለህበት ቁም፤ አትቆጣት፣ አታናግራት። አራቱም እግሮቿ መሬት ረግጠው 2 ሰከንድ እንደቆየች ሳትዘገይ ስጣት። ከቀናት በኋላ ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 10 ሰከንድ አሳድገው። መጀመሪያ ላይ ጭረቱ ይብሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በባሰባት ሰዓት ተሸንፈህ ከሰጠሃት፣ አጥብቆ መጫር እንደሚያዋጣ አስተማርካት ማለት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በዚሁ ደንብ ይስጣት። ዱላውን እባክህ ተወው፤ መኖና ፍርሃት አብረው ሲመጡባት መርገጡ ወደ አንተ ይዞራል።

ዋናው መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ሆድ ነው። ፈረስም በቅሎም በተፈጥሯቸው አብዛኛውን ቀን ሲግጡ የሚውሉ ናቸው። 250 ኪሎ የምትመዝን በቅሎ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከገብሱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ድርቆሽ ወይም ጭድ አቅርብላት።

መኖው ፊቷ እያለ ሳትበላ ከጫረች፣ ዞራ ጎኗን ካየች፣ ካላባት ወይም ደጋግማ ከተንከባለለች ግን የሆድ ቁርጠት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ጥራ።