167 ጊዜ ለአገሩ የተሰለፈው የሪጋ ልጅ፤ እኔ እንዳየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድማችን ትናንት የጠየቀውን አነበብኩት። "አንድ ወቅት ከአውሮፓ ወንድ ተጫዋቾች ሁሉ ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ጊዜ የተሰለፈው ላትቪያዊ አማካይ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥም አራተኛ እርከን ላይ ተጫውቷል ይባላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ቁጥሩ የችሎታ ነው ወይስ የትንሽ አገር ዕድል?" ነበር ያለው። ብዙዎቻችሁ "ይሄማ ወሬ ነው" ብላችሁ አለፋችሁት።

ወሬ አይደለም። ሰውየው ቪታሊስ አስታፍየቭስ ይባላል። እኔ ሜዳ ዳር ቆሜ ለሦስት ዓመት ያየሁት ተጫዋች ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ከተማ የገባሁት በ1999 መጨረሻ ነው። ሌሊት መጋዘን እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው። የተከራየኋት ክፍል ሆርፊልድ የሚባል ሰፈር ነበረች፣ ከሜሞሪያል ስታዲየም የአምስት ደቂቃ መንገድ። ሜዳው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የአካባቢው ራግቢ ተጫዋቾች መታሰቢያ የተሠራ ነው። የእግር ኳስ ክለቡ የብሪስቶል ሮቨርስ ሜዳ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን የሕዝቡ ጩኸት መስኮቴ ድረስ ይመጣ ነበር። ሰው አላውቅም፤ ቋንቋውም ገና አልገባኝም። አንድ ቀን ጩኸቱን ተከትዬ ሄድኩ።

መቆሚያው ቦታ እንደኛ የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ነው። ሁሉም ቆሞ ያያል፣ ሁሉም ይዘፍናል፣ ሁሉም አሠልጣኝ ነው። ማሊያቸው ሰማያዊና ነጭ ሆኖ በአራት የተከፈለ ነው። ዝናብ ነበር፤ ሜዳው ጨቅይቷል። ኳሷ ከተከላካይ ወደ አጥቂ በአየር ትሄዳለች፣ በአየር ትመለሳለች። መሐል ሜዳ ላይ ያሉት አንጋጠው ያዩዋታል። ከእነሱ አንዱ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ኳሷ ወደ እሱ ሳትመጣ በፊት አንገቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞራል። ስትደርሰው የት እንደሚልካት ጨርሶ አስቦታል። ሁለት ንክኪ፣ ከዚያ መሬት ለመሬት ለጓደኛው። ሰጥቶም አይቆምም፤ ወዲያው ክፍት ቦታ ይፈልጋል። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዓይኔ ምን ላይ እንደቀረ ገባቸው መሰለኝ፣ በጣታቸው እያሳዩኝ ስሙን ደጋግመው ነገሩኝ። እቤት ስደርስ ግማሹ ጠፍቶብኝ ነበር።

ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው "ስ" የላትቪያ ቋንቋ ጠባይ ናት። የወንድ ስም እንደዚያ ይጨርሳሉ። ዴቪድ ቤካምን ራሱ "ስ" ጨምረውበት ነው የሚጽፉት። እነ ስቴፓኖቭስ፣ እነ ፓሃርስ፣ እነ ሩቢንስ የሚሉትን የላትቪያ ተጫዋቾች ስሞች ስታዩ እንዳትደናገሩ ብዬ ነው።

አስታፍየቭስ ሪጋ ውስጥ በ1971 ተወለደ። ያኔ ላትቪያ የሶቪየት ኅብረት አካል ነበረች። በ1991 ነፃነቷን መልሳ አገኘች፤ በ1992 ብሔራዊ ቡድኗ እንደገና መጫወት ጀመረ። ልጁ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ወንድሜ፣ የጥያቄህ ግማሽ መልስ እዚህ ጋ ነው። አዲስ ለተጀመረ ቡድን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከተሰለፍክ፣ ከፊትህ ቦታውን የያዘ ታላቅ ትውልድ የለም። ወረፋ የለም። የ1994 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ብቻውን 12 ጨዋታ ነበረው። ከእሱ በፊት የአውሮፓ ሪከርድ የጎረቤት አገር የኢስቶኒያው ማርቲን ሬይም ነበር፣ 157 ጨዋታ። እሱም አማካይ ነው፣ እሱም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ሁለት የባልቲክ ልጆች ተከታትለው ሪከርዱን መያዛቸው በአጋጣሚ አይደለም። ዕድሉ አለበት፤ አልክድም።

ግን ያ ቡድን ከማን ጋር ነበር የሚጫወተው? በ1992 ክረምት ዴንማርክ የአውሮፓ ዋንጫን በልታ በሁለት ወሯ ሪጋ መጣች፤ 0 ለ 0። በቀጣዩ ወር ስፔን መጣች፤ እሷም 0 ለ 0። ከተቋቋመ መንፈቅ ያልሞላው ቡድን ነው ይህን ያደረገው። የአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ያንሳል። ለዚያውም ብዙው ሰው ልቡ ያለው በረዶ ሆኪ ላይ ነው።

በክለብ ደረጃ ያደገበት የሪጋው ስኮንቶ ነው። ስኮንቶ ከ1991 እስከ 2004 የላትቪያን ሊግ 14 ጊዜ በተከታታይ በልቷል። በ1995 የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ አስታፍየቭስ ነበር፣ በ19 ግብ። አማካይ ሆኖ! ከዚያ በውሰት ወደ ኦስትሪያው ክለብ አውስትሪያ ቪየና ሄደ፤ ተመልሶም ስኮንቶ ገባ። የስኮንቶ ጥቅሙ ዋንጫው ብቻ አይመስለኝም። የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች አብዛኞቹ እዚያ አብረው አድገዋል። አሠልጣኙ አሌክሳንድርስ ስታርኮቭስም ክለቡንም ብሔራዊ ቡድኑንም አሠልጥኗል። ስለዚህ ልጆቹ ለማጣሪያ ሲጠሩ እንደ አዲስ መተዋወቅ አያስፈልጋቸውም። አንዱ የት እንደሚሮጥ ሌላው ያውቃል። ያ ክለብ በ2016 ከስሮ መፍረሱን ስሰማ፣ ሪጋን አንድ ቀን እንኳ ሳልረግጣት አዝኛለሁ።

"ታዲያ ለምን ትልቅ ክለብ አልገባም?" ለሚለው እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሮቨርስ የመጣው በ2000 መጀመሪያ፣ 28 ዓመት አልፎት ነው። ላትቪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ላትቪያዊ እንግሊዝ ለመጫወት የሥራ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ ባለፉት ሁለት ዓመታት ካደረጋቸው ዋና ጨዋታዎች 75 በመቶውን መሰለፍ ነበረበት። እኔ ራሴ በዚያው ሰሞን ወረቀቴን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ስለነበር ይህቺ ነገር ቶሎ ገባችኝ። ለእሱ የአገር ማሊያ ክብር ብቻ አልነበረም፤ መኖሪያ ወረቀቱም ነበረ። ከአሠልጣኝ ተጣልቶ ጥቂት ጨዋታ ቢቀርበት እንጀራው ይነካል።

ብቻውንም አልነበረም። በዚያው ዘመን ፓሃርስ ሳውዛምፕተን ነበር፣ ስቴፓኖቭስ አርሰናል፣ ሩቢንስ ክሪስታል ፓላስ። እነዚህ ሁሉ ከተበታተኑበት ተሰብስበው ለአንድ አገር ይጫወታሉ። ከመካከላቸው በዝቅተኛው እርከን የሚጫወተው የእኛ የብሪስቶሉ ሰውዬ ነበር፤ እሱን ግን ከቡድኑ የሚያስወጣው አልተገኘም።

ሮቨርስ እሱ ሲመጣ ሦስተኛው እርከን ላይ ሆኖ ለማደግ እየታገለ ነበር። በመጨረሻው ቀን ተሸንፎ ሰባተኛ ወጣና ዕድሉ አመለጠው። በቀጣዩ ዓመት ጭራሽ ወረደ። ያን ቀን ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አየሁ። ይሄ የላትቪያ ሰውዬ አሁንስ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ቆየ። አራተኛው እርከን ላይ ቡድኑ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ግን የኤፍኤ ዋንጫ ላይ ፕሪሚየር ሊግ የነበረውን ደርቢ ካውንቲን በሜዳው 3 ለ 1 አሸነፍን፤ ሦስቱንም አጥቂያችን ኤሊንግተን ነው ያገባው። ያን ሳምንት መጋዘን ውስጥ ሥራ አልተሠራም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በጥቅምት 2002 ላትቪያ ዋርሶ ላይ ፖላንድን 1 ለ 0 አሸነፈች። አስታፍየቭስ ያኔ የሮቨርስ ተጫዋች ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአውሮፓ ማጣሪያ ወጥተህ ጭቃ ሜዳ ላይ፣ ጥቂት ሺህ ሰው ፊት፣ በአየር ኳስ መሐል ትገባለህ። ሲመለስ ግን ጨዋታውን ቀንሶ አላየሁትም። ያቺው አንገት ማዞር፣ ያቺው ሁለት ንክኪ። እኔም ከአገሬ ያመጣሁት ዲፕሎማ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ሌሊት ካርቶን የምደረድርበት ጊዜ ነበር። እሱን ሳይ እበረታ ነበር። አንድም ቀን አላናገርኩትም።

በ2003 ወደ ኦስትሪያው አድሚራ ሄደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ላትቪያ ስቶክሆልም ላይ ስዊድንን 1 ለ 0 አሸንፋ ለ2004 የአውሮፓ ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ፣ ለደርሶ መልስ ጨዋታ አለፈች። የደረሰቻት ቱርክ ናት፤ ከአንድ ዓመት በፊት የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣችው ቱርክ። ሪጋ ላይ ላትቪያ 1 ለ 0 አሸነፈች። ኢስታንቡል ላይ ቱርክ 2 ለ 0 መራች። አለቀ ሲባል ላይዛንስ አንድ አገባ፤ ቀጥሎ ቨርፓኮቭስኪስ ደገመ። 2 ለ 2። ከሦስቱ የባልቲክ አገሮች አውሮፓ ዋንጫ የደረሰች ላትቪያ ብቻ ናት።

ዋንጫው በተካሄደባት ፖርቱጋል ላይ አምበሉ አስታፍየቭስ ነበር፣ በ33 ዓመቱ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቼክን መርተው 2 ለ 1 ተሸነፉ። በሦስተኛው ሆላንድ 3 ለ 0 አሸነፈቻቸው። በመሐል ግን የጀርመኑ ጨዋታ አለ። ፖርቶ፣ ሰኔ 19 ቀን 2004። እነ ኦሊቨር ካን፣ እነ ባላክ፣ እነ ክሎዘ። 0 ለ 0። እኔ ጨዋታውን ያየሁት ከአንድ ኤርትራዊ ጓደኛዬ ጋር ግሎስተር ሮድ ላይ ያለ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ገና ሲሰለፉ "አምበሉን አየኸው? እዚህ ጎረቤቴ ነበር" አልኩት። አላመነኝም። ጎናችን የተቀመጡት የሮቨርስ ደጋፊዎች አረጋገጡለት፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው በሙሉ የላትቪያ ደጋፊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበል። ሩሲያ ሄዶ ለሩቢን ካዛን ተጫወተ፣ ወደ ሪጋ ተመለሰ፣ በ2009 በ38 ዓመቱ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ። 167 ጨዋታ፣ 16 ግብ። በኋላ እነ ቡፎን፣ ራሞስና ሮናልዶ አልፈውታል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም አሠልጣኝ ሆነ።

እንግዲህ "ዕድል ነው ወይስ ችሎታ" ላልከው የእኔ መልስ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን አርባና ሃምሳ ጨዋታዎች ዘመኑ ሰጥቶት ይሆናል። ላይዛንስ 113፣ ሩቢንስ 117፣ ዜምሊንስኪስ 105 ጊዜ ተሰልፈዋል፤ የዚያ አገር ምርጦች ብዙ ጊዜ ይሰለፋሉ። እሱ ግን ከእነዚህም ሁሉ ቢያንስ በ50 ይበልጣል። ሃምሳ ጨዋታ ማለት የአምስት ዓመት ሥራ ነው። ያን ለአንድ አማካይ በዕድል የሚሰጥ አሠልጣኝ የለም። በአማካይ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ግብ ጠባቂ ቆሞ መጠበቅ የለም፤ እግር ካልሮጠ ያው ይታያል።

ጊዜ ካለህ የጀርመኑን ጨዋታ ሙሉውን ፈልገህ እየው። ኳሷን አትከተል። መሐል ሜዳ ላይ አምበሉን ብቻ እየው፤ ኳሷ ሳትደርሰው በፊት አንገቱን ስንት ጊዜ እንደሚያዞር ቁጠርና እዚሁ ጻፍልኝ።