«ነጥብ የማንም አይደለም» ይሉኛል፣ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሐረር ጁገል ውስጥ ነው የምኖረው፣ ግድግዳ እየሣልኩ ነው የምተዳደረው። የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ ሰው ግቢያቸውን በአቦርጂኖች፣ ማለትም በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ የነጠብጣብ ሥዕል እንድሞላላቸው ጠየቁኝ። ፎቶውን ስልካቸው ላይ አሳዩኝ፣ ክፍያውም ጥሩ ነው። ጓደኞቼ «ነጥብ የማንም አይደለም፣ ዝም ብለሽ ገልብጪ» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ነጥብስ ማንም ይነጥባል። ፎቶው ላይ ያለው ሥዕል ግን ባለቤት አለው። ስለዚህ አትገልብጪው።

በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ እነዚህ ምልክቶች ሸራ ላይ ከመውጣታቸው በፊት አሸዋ ላይ፣ ዓለት ላይ፣ በሥርዓት ጊዜም ሰውነት ላይ ይሣሉ ነበር። ክብ በክብ ውስጥ ስታዪ የውሃ ጉድጓድ ወይም የሰፈሩበት ቦታ ሊሆን ይችላል። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈችው መስመር ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ፓፑንያ በምትባል መንደር ጄፍሪ ባርደን የሚባል መምህር አበረታቷቸው፣ ትልልቆቹ ሰዎች የማር ጉንዳንን ታሪክ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣሉ። በዓመቱ ፓፑንያ ቱላ የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ።

ስለ ነጥቡ ልንገርሽ። መጀመሪያ ከተሣሉት አንዳንዶቹ ሥዕሎች ለሁሉም ሰው መታየት የሌለበትን ምሥጢር አውጥተውት ነበር፣ ወገኖቻቸውም ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎቹ ምሥጢር የሆነውን እየተዉ ወይም በነጥብ እየሸፈኑ መሣል አበዙ። አንቺ ለጌጥ የመሰለሽ ነጥብ አንዳንዴ ከሥሩ ያለውን እንዳናይ የተደረገ ነው።

ሁሉም አቦርጂን ግን ነጥብ ይነጥባል ማለት አይደለም። በሰሜን፣ አርነም ላንድ፣ በዛፍ ልጥ ላይ በቀጫጭን መስመር ነው የሚሥሉት። በመካከለኛው አውስትራሊያ ዩቶፒያ ከሚባል አካባቢ የሆነችው ሠዓሊ ኤሚሊ ካሜ ኡንግዋሬይ ደግሞ ሰማንያ ሊሞላት ሲል ነው ሸራ ላይ መሣል የጀመረችው፣ እጇም የማንንም አይመስልም፤ የምትሥለው ግን የአገሯን ምድር ነበር።

መገልበጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ከፈለግሽ የምንጣፉን ክስ ስሚ። የአቦርጂን ሠዓሊዎች ሥራ ያለ ፈቃድ ቬትናም ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተሠርቶ አውስትራሊያ ገባ። አንዱ የባንዱክ ማሪካ ነበር፤ ስለ ጎሳዋ ቅዱስ የውሃ ጉድጓድ የሣለችው፣ ለመሣልም ከወገኖቿ ፈቃድ ያገኘችበት። ያ ነገር ሰው የሚረግጠው ሆነ! እሷ ደግሞ ምሥሉን ባትሸጠውም በወገኖቿ ፊት ተጠያቂ ነበረች። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ለሠዓሊዎቹ ፈረደ፣ ካሳውንም ሲያሰላ የደረሰባቸውን የባህል ጉዳት ቆጠረ።

ሥራው እንዲያመልጥሽ አንፈልግም። ለሰውየው ሌላ ንድፍ ሠርተሽ አሳዪያቸው። በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል፣ «ጊዲር ጋር» በሚባለው፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች መነሣት ትችያለሽ፣ እነሱንም ቢሆን መጀመሪያ የሰፏቸውን እናቶች አስፈቅደሽ፣ የትኛው ለሠርግ የትኛው ለሌላ እንደሆነ ጠይቀሽ። «የግድ አቦርጂን» ካሉ ነባር ሕዝቦቹ ራሳቸው ከሚያስተዳድሯቸው የሥዕል ማዕከላት የተፈቀደ ሕትመት ገዝተው ይስቀሉ፤ ከሥሩም የሠዓሊው ስምና የመጣበት አገር ይጻፍ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ እጅሽን በነጥብ ብታለማምጂ ማንም አይቆጣሽም፣ ለገበያ አታውጪው እንጂ።