አሌክሳንደር ጊል በ1564 ነው በ1565 የተወለደው? የታሰረውስ እሱ ነው?

ወንድሜ፣ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት ዋና መምህር ጊል አንዱ ጽሑፍ ላይ በ1564፣ ሌላው ላይ በ1565 (እ.ኤ.አ.) ተወለደ ይባላል፤ በ1628 ታስሯል የሚልም አለ ብለሃል።

ዓመቶቹ አይጋጩም። የተወለደው ፌብሩዋሪ 7 ነው፤ ያኔ እንግሊዝ ዓመት የምትለውጠው ማርች 25 ነበር። በእነሱ አቆጣጠር ገና 1564፣ በዛሬው 1565 ነው። ይህ እስከ 1752 ስላልተቀየረ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለ ማንኛውንም የድሮ ቀን ስታይ ተጠንቀቅ። በመስከረም ዓመት ለምንለውጥ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

የታሰረው ግን ልጁ ነው። ስሙም አሌክሳንደር ጊል ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤት በአባቱ ሥር አስተምሯል፣ አባቱ በ1635 ሲሞትም ቦታውን ይዟል። የታሰረው የበኪንግሃምን መስፍን ለገደለው ለጆን ፌልተን ጤና ጽዋ አንስቶ ነው። የሰው ስም ከነአባቱ ስም በማይጻፍበት ቋንቋ ሁለቱን ማምታታት በጣም ቀላል ነው።

በ1619 የወጣው «ሎጎኖሚያ አንግሊካ» ግን ያለጥርጥር የአባትየው ነው። በላቲን የተጻፈ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲሆን፣ ቃላቱን እንደ አነጋገራቸው ለመጻፍ የራሱን ፊደላት ያስገባበት፣ የሰሜኑንና የምዕራቡን አነጋገር ሳይቀር የመዘገበበት ድንቅ ሥራ ነው። ገጣሚው ሚልተን የተማረው በአባትየው ትምህርት ቤት ነው፤ ወዳጅነቱና በላቲን የተጻጻፈው ግን ከልጁ ጋር ነው።