በዘፈኑ ውስጥ እህት የለችም

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ባጭሩ ልናገረው። ታናሽ ወንድምሽ መጠጥ ካቆመ 5 ወሩ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና እየጠጣ ሳለ፣ በስልኩ አንድ ዘፈን ልከሽለት ነበር። ሱስ የጣለው ልጅ እናቱን ይቅርታ የሚለምንበት ዘፈን። ያኔ መልስ አልሰጠሽም። አሁን ግን ማታ ማታ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ይከፍታል። እናታችሁ ታለቅሳለች፣ አንቺ ደምሽ ይፈላል። «ራሱን ማሳዘን ነው፣ እንዴት ላስቁመው?» ትያለሽ።

አታስቁሚው። ቢያንስ አሁን።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። እናትሽ ማልቀሷን አራት ቦታ ጽፈሻል። ያንቺ ለቅሶ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሽ ቀን «መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ» ያልሽው። ለዘፈኑ ልጅ አልቅሰሽለታል ማለት ነው። ለወንድምሽ ግን፣ 5 ወር ሙሉ ሳይጠጣ እያየሽው፣ አንዲት ለስላሳ ቃል አጣሁ።

ይሄ ክፋት አይደለም። የዘፈኑ ልጅ ምንም አላደረገሽማ! ስልክሽን ሰርቆ አልሸጠም። እኩለ ሌሊት ደውሎ «ነይ ውሰጂኝ» አላለሽም። ዘፈን አራት ደቂቃ ነው፤ ልጁ ይጠፋል፣ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ በር ያንኳኳል፣ እናት ትከፍታለች፣ አለቀ። የማግስቱ ጠዋት የለም። ዕዳ የለም። እህትም የለችም።

ደምሽን የሚያፈላው እሱ ይመስለኛል (ልሳሳት እችላለሁ፣ ሰው በአንድ ደብዳቤ አይታወቅም)። ወንድምሽ በሰው ድምፅም ቢሆን በየማታው እናቱን ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ከወደቀበት ያነሳሽው፣ ለአለቃው «ታሟል» ብለሽ የዋሸሽለት አንቺን ግን ማንም ይቅርታ አልጠየቀሽም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ደብዳቤሽ መሃል እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ አልፈሻቸዋል። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው የቆምኩት።

አሁን የማይጥምሽን ልንገርሽ። ዘፈኑን ስትልኪለት ከሥሩ «እናትህን እንዲህ እያደረግካት ነው» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። እንግዲህ የላክሽለት ወቀሳ ነው፣ ዜማ ያለው ወቀሳ። አልፈርድብሽም፣ ሌላ ምን ይቀርሽ ነበር። ግን ኀፍረት ጠጪን ከመጠጥ ሲያርቀው ብዙም አላየሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ኀፍረት ለመርሳት መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ ዝም አለሽ። አሁን፣ ጭንቅላቱ ጠራ ሲልለት፣ ከስንቱ ዘፈን መሃል አንቺ የላክሽለትን ፈልጎ አወጣ። ለእኔ ይሄ ሁለት ዓመት የዘገየ መልስ ይመስለኛል። አንቺ ደግሞ መልሱ ሲመጣ «ዝጋው!» ልትይ ነው።

ራስን ማሳዘንም ይኖርበት ይሆናል፣ አልክድም። ግን ለዓመታት ስሜቱን በመጠጥ ሲያደነዝዝ የኖረ ሰው፣ መጠጡን ሲተው ሁሉም ባንዴ ይመጣበታል። የራሱ ቃል ገና የለውም። እስኪያገኝ የሰው ቃል ይዋሳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሲጠጣ ይሰማቸው የነበሩ ዘፈኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ አንጎል ዜማውንና መጠጡን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ውል ሊል ይችላል። ይሄኛው ዘፈን የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ጠይቂው። «ለምን ትሰማዋለህ?» ብለሽ ሳይሆን «የቱ ጋ ሲደርስ ነው የሚነካህ?» ብለሽ። ከሆነልሽ አንድ ቀን እናታችሁ በሌለችበት አብራችሁ ስሙት። ሲያልቅ ስለራስሽ አንዲት ነገር ንገሪው። ስለ እናትሽ አይደለም፣ ስለራስሽ። «ያን ሌሊት ፈርቼ ነበር» ይበቃል። ይቅርታ ያን ቀን ላይመጣ ይችላል፤ አትጎትቺው።

5 ወር ገና ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም እንደሚለው፣ ለሱስ ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል፤ ከደም ግፊትና ከአስም ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። ቢያገረሽበት ያወራችሁት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት አይደለም። እንደ ድሮው በየቀኑ በብዛት መጠጣት ከጀመረ ግን ጠርሙሱን ቀምተሽ አትደብቂ። እንዲህ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አንቀጥቅጦ ሊጥለው ይችላል፤ ሐኪም ያስፈልጋል።

አንቺስ? ጠጪዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ለቤተሰቦቻቸው የቆመው አል-አኖን ደግሞ በ1951፣ ከ16 ዓመት በኋላ። አየሽ፣ ቤተሰብ እዚያም ዘግይቶ ነው የታወሰው። ያንቺን ነገር በደብዳቤ አልጨርሰውም፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ የምታወሪው አማካሪ ፈልጊ። ብቻሽን ሂጂ፣ ወንድምሽን ይዘሽ አይደለም። ስለ እሱ ማውራት ስትጀምሪ አማካሪው ደጋግሞ ወዳንቺ ሊመልስሽ ይችላል፤ አትቀየሚው።