ቴርሞሜትሩ ድሬ ላይ አልሠራም

እህቴ፣ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ድሬዳዋ ላይ የብሔር ስሜትንና ኢትዮጵያዊነትን ልለካ ነው፤ የውጭ መጠይቅ ተርጉሜ ብጠቀም ይበቃል?» ብለሻል። አይበቃም። እኔም እንዳንቺ አስቤ ከዚራ፣ መጋላና ሳቢያን የሚባሉትን ሰፈሮች ዞሬያለሁ።

መጀመሪያ የተሰናከልኩት «የስሜት ቴርሞሜትር» በሚሉት ነው። ለአንድ ወገን ያለህን ስሜት ከ0 እስከ 100 ስጥ ይላል። 100 በጣም ሞቃት፣ ማለትም በጣም መውደድ ነው። መጋላ ላይ በቀትር አንድ ነጋዴ ጠየቅኩ። ላባቸውን በፎጣ እየጠረጉ ለጎረቤቶቻቸው 10 ሰጡ። ደነገጥኩ። «ምነው?» ስላቸው፣ «ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸዋ! ጥላ ናቸው» አሉኝ። ባልጠይቃቸው ኖሮ ጎረቤት የሚጠሉ ሰው ብዬ እመዘግባቸው ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ቦጋርደስ ያወጣው የማኅበራዊ ርቀት መለኪያ እ.ኤ.አ. የ1925 ቢሆንም ይሻልሻል። ጎረቤት ይሁንህ ወይ፣ በጋብቻ ትዛመደዋለህ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይህን ደግሞ ማንም ድሬ ላይ ኖሮበታል።

ኢትኖሴንትሪዝምን፣ ማለትም የራስን ወገን መሃል አድርጎ ሌላውን በእሱ መመዘንን፣ «ዘረኝነት» ብለሽ እንዳትተረጉሚ። ሰዉ አፉን ይዘጋል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 የራስን ወገን ማክበርንና ሌላውን መናቅን አንድ ላይ አስሮት ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪሊን ብሩወር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የራስን መውደድ የግድ ሌላውን መጥላት አይደለም ብላ ለየችው። አንቺም ለየብቻ ለኪ፣ በአንድ ቁጥር አትደምሪ።

ሌላው ይሉኝታ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አዶርኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የአምባገነናዊ ዝንባሌ መለኪያ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ነበሩ፤ «እስማማለሁ» ያለ ሁሉ ነጥቡ ይጨምራል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንግዳን ላለማሳፈር «አዎ ልጄ፣ አዎ» ይላል። ስለዚህ ግማሹን ጥያቄ ገልብጠሽ ጻፊ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ይህን ነው። «ኢትዮጵያዊ ብቻ» ከሚለው እስከ «ብሔሬ ብቻ» የሚደርስ ባለ አምስት ምርጫ ጥያቄ ነበረኝ። ገንደ ቆሬ አንዲት እናት አምስቱንም በትዕግሥት ሰሙኝ። «እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። እሱን የቱ ጋ ትጽፈዋለህ?» አሉኝ። ከተማዋ እኮ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲመጣ የተቆረቆረች ናት፤ ሰዉ ከየአቅጣጫው መጥቶ ነው አብሮ ያደገው። ሳጥን አልነበረኝም። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ከእሳቸው በኋላም ብዙ ሰው ያንኑ መለሰልኝ፣ ጠርዙ ላይ መጻፌን ቀጠልኩ። አንቺ ከመውጣትሽ በፊት ሳጥኑን ጨምሪለት።