ሦስት ቦታ ተቀብለውኝ የቱን ልምረጥ ላልሽው እህት፦ ፈቃዱን በዓይንሽ ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቀን እየሠራሽ ማታ አካውንቲንግ ለመማር እዚሁ ጅማ ሦስት ቦታ አመልክተሽ ሦስቱም ተቀብለውሻል። አንዱ ክፍያው ቀለል ያለ ኮሌጅ ነው፣ አንዱ መሃል ከተማ አዲስ ህንፃ ላይ ያለ ኮሌጅ፣ ሦስተኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማታ ፕሮግራም። እስከ ሰኞ ካልተመዘገብሽ ቦታው እንደሚያመልጥሽም ነግረውሻል። ከኔ በፊት መልስ ከጻፉልሽ ውስጥ «ርካሹ ይሻልሻል»፣ «ለቤትሽ የሚቀርበውን ያዢ» ያሉሽ አሉ፤ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን በዚሁ መንገድ ተቃጥዬም ተሳክቶልኝም ያለፍኩ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ትራንስክሪፕት፣ የመግቢያ ነጥብ ምናምን የሚለውን እዘለዋለሁ፤ ተቀብለውሻልና ያንን ጨርሰሻል።

1. ከህንፃው በፊት ፈቃዱን እዪ። የግል ኮሌጅ በዲግሪ እንዲያስተምር የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው አሁንም በድሮው ስሙ ሄርቃ ይለዋል። ፈቃዱ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለዚህ የትምህርት መስክ፣ በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ የማስተማሪያ ዘዴ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ ስላለው የጅማው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ለማኔጅመንት የተሰጠው ለአካውንቲንግ አይሠራም። ለመደበኛ (ለቀን) የተሰጠውም ለማታ አይሠራም፤ እኔን የበላኝ ይኼኛው ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። የደረጃ ሥልጠና (የቴክኒክና ሙያው) ፈቃድ የሚመጣው ከክልል ነው፣ የዲግሪው ከፌዴራል። «ፈቃድ አለን» ብለው የደረጃ 4ቱን አውጥተው የሚያሳዩ አሉ። ማህተሙን አይተሽ አትመለሺ፣ ምን ላይ እንደተመታ አንብቢ።

2. ኦሪጅናል የትምህርት ማስረጃሽን እጃቸው ላይ እንዳትተዪ። አመሳክረው ኮፒውን ይያዙ፣ ኦሪጅናሉን እዚያው ቆመሽ ተቀበዪ። ይኼ ለምን እንደሆነ ታሪኩን ካልነገርኩሽ አይገባሽም።

እኔ የምሠራው ቡና አቅራቢ ጋ ነው፣ ካሸር ነኝ። ያኔ እንዳንቺው ከአንድ በላይ ቦታ ተቀብለውኝ ነበር። የመረጥኩት ኮሌጅ (ስሙን አልጠራም) ለሥራዬ ቅርብ ነው፣ መምህራኑም እውነቴን ነው ጎበዞች ነበሩ። ስመዘገብ ፈቃዱን ጠይቄያለሁ። «እዚያ ተሰቅሏል» ብለው አሳዩኝ። ከካሸሯ ጀርባ፣ ጣሪያው ሥር፣ በመስታወት ፍሬም። ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ ከላዩ ላይ ካለው ዓርማ በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በ2015 ዲግሪ ለመያዝ የግድ የሚታለፈው የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ከኛ የሚቀድሙት የማታ ተማሪዎች ኮርሳቸውን ጨርሰው ለፈተና የሚላከውን የስም ዝርዝር ሲጠብቁ የቀን ተማሪዎቹ ስም መጣ፣ የነሱ የለም። ሬጅስትራሯ «ሲስተም ነው፣ ይስተካከላል» ትላለች። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። አንድ ቀን ዲኑ ቢሮ ለሌላ ጉዳይ ገብቼ የፈቃዱን ኮፒ ግድግዳው ላይ በዓይኔ ቁመት ተሰቅሎ አገኘሁት። መስክ፦ አካውንቲንግና ፋይናንስ። ካምፓስ፦ ጅማ። የማስተማሪያ ዘዴ፦ መደበኛ። ማታ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። «የማታውስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዲኑ ቀና እንኳን ሳይል «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ብር እየተቀበሉን በሂደት ላይ! እህቴ፣ «በሂደት ላይ ነው» ከሚል ኮሌጅ ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ። ፈቃድ ወይ አለ ወይ የለም። እድሳት ነው ካሉሽም እድሳቱን የሚገልጽ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ያሳዩሽ።

ኮሌጁን ልለቅ ስል ደግሞ ሌላ መከራ። ማስረጃዬን ስጡኝ ስላቸው ክሊራንስ (ዕዳ የለባትም የሚለውን ወረቀት) ጨርሺ ተባልኩ። ክሊራንሱ ደግሞ ያልተማርኩትን የቀረውን የዓመት ክፍያ ካልከፈልኩ አይፈረምም። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ፣ እንቅልፌን አጥቼ ያመጣሁት፣ የነሱ ሳጥን ውስጥ ታግቶ። ሬጅስትራሯ ከእህቴ ጋር ሄጄ እያስረዳኋት መስኮቱን ፊታችን ላይ ዘጋችው። ተለማምጬ፣ በሽማግሌም አስለምኜ አልሆነም፤ ከፍዬ አወጣሁ። የተዛወርኩበት ኮሌጅ ኮርስ በኮርስ አመሳክሮ ከተማርኩት ግማሽ ያህሉን ብቻ ያዘልኝ። ሌላውን እንደገና ከፍዬ እንደገና ተማርኩ። ያቺ ሴትዮ እዚያው መስኮት ላይ እንዳለች እሰማለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

3. ስለ ክፍያው። ርካሽ ያልሽው በወር ነው በክሬዲት አወር (በኮርሱ ክብደት ተሰልቶ)? በወር ርካሽ የሚመስለው የምዝገባ፣ የመታወቂያ፣ የሞጁል፣ የላብራቶሪ (ለአካውንቲንግ የኮምፒውተር ይሉታል)፣ በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፍና የምርቃት ሲጨመርበት ከውዱ ይበልጣል። እስክትመረቂ ያለውን ሁሉ በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በየዓመቱ ይጨምር እንደሆነም ያስፍሩልሽ። እምቢ ካሉ መልሱን አገኘሽ።

የመውጫ ፈተናውን ከክፍያው በላይ አስቢበት። አሁን አራት አምስት ዓመት ተምረሽ ፈተናውን 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው እጅሽ አይገባም። ሐምሌ 2015 በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ኮሌጁን «ባለፈው ዙር ከአካውንቲንግ ስንት አስፈትናችሁ ስንት አለፈ?» በዪው። ቢሮው አይነግርሽም ይሆናል፤ ማታ ከክፍል ሲወጡ በር ላይ ቆመሽ አራተኛ ዓመቶቹን ጠይቂ፣ እነሱ አይደብቁሽም። ቲውቶር (ለፈተናው የሚያስጠና) አላቸው? በኮምፒውተር ሞዴል ፈተና ያስፈትናሉ? እኔ የተዛወርኩበት ኮሌጅ ህንፃው አሮጌ ነው፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ግን የኮስትና የኦዲቲንግ መምህራኑ ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ ያስጠኑን ነበር። ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ። ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ከሥራ ወጥቼ፣ እራት ሳልበላ የተማርኩት ነው።

ሥራሽን አልጻፍሽም፤ ጅማ ውስጥ ነሽና ከቡና ጋር የተያያዘ ከሆነ ይኼን ልብ በዪ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀይ ቡና የሚገባው አመሻሹ ላይ ነው፣ ገበሬው ሲለቅም ውሎ ይዞት የሚመጣው ያኔ ነዋ። ሒሳብ የሚዘጋው ማታ ነው፣ ክፍል የሚጀምረውም ማታ ነው። ሐሙስ በገበያ ቀን ደግሞ ሱቅ የሚሠራ ሰው በጊዜ አይወጣም። ከመመዝገብሽ በፊት የሚቀርን ተማሪ ምን እንደሚያደርጉት ጠይቂ። አንዳንዱ ኮሌጅ የቀረሽበትን ቅዳሜና እሁድ ያካክስልሻል፣ አንዳንዱ ከፈተና ይከለክልሻል። አለቃሽንም አሁኑኑ አናግሪው፣ በመኸር ሰዓት አይደለም።

ዝናቡንም አትርሺ። የኛ ከተማ ክረምት መስከረም ላይ አያበቃም፤ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍል ስትወጪ ባጃጅ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ኮሌጅና «ወደ ቤት ሂዱ» የሚለው ኮሌጅ በዓመት ብዙ ክፍለ ጊዜ ይለያያሉ። አንድ ምሽት ሄደሽ በዓይንሽ እዪ።

የኔ ምርጫ ምንድን ነው ካልሽኝ፣ አንቺን ብሆን ዩኒቨርሲቲውን ነው የምይዘው። የቅርንጫፍና የማታ ፈቃድ ጣጣ አይገጥምሽም፣ ቤተ መጻሕፍቱን ትጠቀሚያለሽ፣ ዲግሪውን ነገ መሥሪያ ቤት ስታቀርቢ የኮሌጁ ፈቃድ ጥያቄ አይሆንብሽም። ችግሩ መቅረት ላይ ጥብቅ ነው፣ ሬጅስትራሩም ቢሆን ወረፋ አለው፣ ወደ ካምፓሱ መመላለሱም ትንሽ ይከብዳል። ሥራሽ ያንን ካልቻለ ከሁለቱ ኮሌጆች «አካውንቲንግ፣ ጅማ፣ ማታ» የሚል፣ ቀኑ ያላለፈ ፈቃድ ያሳየሽን ያዢ። ሁለቱም ካላሳዩሽ አንድ ዓመት ብትጠብቂ ይሻልሻል። ቤተሰብ «ዕድሜሽ እየሄደ ነው» እንደሚል አውቃለሁ፣ እኔንም ብለውኛል።

ሰኞ ያሉሽ ነገር ደግሞ፣ ኮሌጆቹ ሰኞ ዘጋን ቢሉሽ አትደንግጪ፤ ክፍል ከተጀመረ በኋላም ሲመዘግቡ አይቻለሁ። የዩኒቨርሲቲው ቀን ግን ካለፈ አለፈ፣ ስለዚህ ቅድሚያ እዚያ ሂጂ። ኮሌጆቹ ጋ ነገ ጠዋት ግቢና የፈቃዱን ኮፒ አስወጪ፣ ፎቶ አንሺው። ማንሳት አይፈቀድም ካሉሽ ካምፓስ፣ መስክ፣ ዘዴና የሚያበቃበትን ቀን በእጅሽ ጻፊ። ከዚያ እዚሁ ከጥያቄሽ ሥር ለጥፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ እመልስልሻለሁ።