የተቀበረው ታንከር ለምን ከመሬት ብቅ አለ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢዬ ውስጥ ባለ 2,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር ቀብሬ ነበር። ነሐሴ ላይ ላጥበው ብዬ ውሃውን ጨርሼ ቀዳሁት። በማግስቱ አንድ ጎኑ ሁለት ስንዝር ያህል ከመሬት ወጥቶ፣ መስመሩንም ሰብሮ አገኘሁት። የሸጡልኝ ቀላል ዕቃ ይሆን? ድንጋይ ብጭንበትስ ይመለሳል?

መልስ፦ ዕቃው ጥፋት የለበትም። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን ጠርቅመው በርሜል ውሃ ውስጥ ሊደፍቁት ይሞክሩ፤ 19 ኪሎ ያህል ካልተጫኑት አይጠልቅም። ቦታውን የለቀቀለት 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። የእርስዎ ታንከር 100 ጀሪካን ነው። በዙሪያው ያለው ውሃ እስከ ወገቡ ከደረሰ 1,000 ኪሎ፣ እስከ አናቱ ከሞላ 2,000 ኪሎ ይገፋዋል። የራሱ ክብደት ደግሞ ቢበዛ 60 ኪሎ ነው።

መረሬ አፈር ክረምት ላይ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሰርግም። ተቆፍሮ የተሞላው ጉድጓድ ግን ልል ስለሆነ የጣሪያውም የግቢውም ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። ከላይ የሚታየው ጭቃ ብቻ ነውና ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ድንጋዩን ይተዉት፤ 20 ኩንታል ድንጋይ ክዳኑን ሰብሮ ውስጥ ይገባል። ውሃ ሞልቶ ማስመጥም አያዋጣም። ሲነሳ ከሥሩ ጭቃ ስለገባ ወለሉ እኩል አይቀመጥም፣ ይሰነጠቃል። የጣሪያውን ውሃ ከጉድጓዱ ያርቁና ኅዳር ላይ መሬቱ ሲጠነክር ቆፍረው ያውጡት። ያን ጊዜ ታንከሩ ለመቀበር የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ለቆጥ የተሠራውን፣ የቱንም ያህል ቢያስሩት፣ መረሬው ሲያብጥ ይጨመድደዋል።

ከሥር 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲም የሆነ አርማታ ያስፈስሱ። ቁጥር 10 ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ ግራና ቀኝ፤ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር፤ ሲሚንቶው 6 ከረጢት ገደማ ይፈጃል። ይህ አርማታ በደረቁ 1,900 ኪሎ ይመዝናል፤ ውሃ ሲውጠው ግን 800 ኪሎ ያህል ይቀልልበታልና ብቻውን ታንከሩን አይችለውም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከታንከሩ ጎን ወጣ ብሎ በሚቀረው ጠርዝ ላይ የሚያርፈው አፈር ነው፤ እሱ ውሃ ውስጥ ሆኖም ከ2,500 ኪሎ በላይ ይጫናል። አርማታውን በታንከሩ ልክ የሚሠሩት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አርማታው ሳይደርቅ በአራቱ ማዕዘን ቁጥር 14 ፌሮ እንደ ቀለበት አጥፈው፣ ከታችኛው ፌሮ ጋር አስረው፣ ቀለበቱ ከላይ ወጥቶ እንዲቀር አድርገው ይቅበሩ። አርማታው ሲጠነክር ታንከሩን አስቀምጠው በሁለት የጭነት መኪና ቤልት አናቱ ላይ አጣምረው ከአራቱ ቀለበቶች ጋር ይሰሩት። የብረት ገመድ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ዙሪያውን በገረጋንቲ በየ25 ሳንቲሙ ይሙሉ፤ የውስጡ ውሃ ሁልጊዜ ከውጭው ሙሌት ቀደም ይበል። የላይኛውን 30 ሳንቲም መልሰው በመረሬ ይድፈኑትና ወደ ውጭ ያዘቅዝቁት። አንዳንዱ ግንበኛ ዙሪያውን በአርማታ እንሙላው ይላል፤ እርጥብ አርማታ ከውሃ እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ ያልታሰረ ታንከር ውሃ ቢሞላም ያነሳዋል።

ሲሞሉ ታችኛው ጎኑ የተበሳሳ ባለ 110 ፒቪሲ ቧንቧ ከታንከሩ አጠገብ እስከ አርማታው ድረስ አቁመው ይቅበሩ፤ አፉ ከመሬት ወጥቶ ክዳን ይኑረው። ሊያጥቡ ሲያስቡ በሲባጎ ብሎን አስረው ይልቀቁበት። ሲባጎው የራሰበት ልክ ምን ያህል ውሃ ታንከሩን እንደከበበው ይነግርዎታል። ከ30 ሳንቲም በላይ ከሆነ በቧንቧው በኩል ቀድተው ይጨርሱና ከዚያ ታንከሩን ባዶ ያድርጉ።